ያየ ዐይን ዕዳ

በዋግ ኽምራ ተራሮች፣ እንደ ሌላውም የሀገራችን ገጠር ሁሉ፣ ማዕድ ቀርቦ ሳለ ሰው በደጅ ሲያልፍ «እንብላ» ሳይባል አይታለፍም። ጠሪው ጎተራው የሞላ ባለጸጋም ይሁን ለራሱ ያልበቃው ድኻ፣ ተጠሪው ዘመድም ይሁን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መንገደኛ፣ ቃሉ አንድ ነው። ተጠሪው ብዙውን ጊዜ መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። ነገሩ ግን ከጨዋነት ወግ ያለፈ ሐሳብ አለበት። ሲበላ የታየ ሰው ካየው ሰው ጋር ግንኙነት ውስጥ ገብቷል፤ ያየውም ዐይን በባዶ መመለስ የለበትም። ለቅሶም እንዲሁ ነው። ሬሳ ሲያልፍ ያየ መንገደኛ ከበቅሎው ወርዶ ጥቂት ርምጃ ይሸኛል፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ባያውቅም ቆሞ አይመለከትም። በዚህ ሕዝብ ሥነ ምግባር ማየት ለብቻው የሚቆም ድርጊት አይደለም። ማየት ዕዳ ያስገባል።

ሲኒማ ከዚህ ወግ ጋር የሚጋጭ ጥበብ ነው። ተመልካቹ በጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ እርሱን ማንም ሳያየው፣ ሌላው ሲበላ፣ ሲያፈቅር፣ ሲፈራ፣ ሲሞት ያያል። ከሸራው ላይ «እንብላ» የሚለው የለም፤ እርሱም ከበቅሎው አይወርድም። መብራት ሲበራ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታዲያ የሌላውን ሰው ፍርሃትና ሥቃይ አይቶ መነሣት ምን ዓይነት ድርጊት ነው? በደል ነው? ተራ መዝናኛ ነው? ወይስ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው? ጥያቄው የሥነ ውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ፊቱ ለዓለም የታየ፣ ስሙ ግን ያልተጠየቀ ሕዝብ ባለበት ሀገር የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

የሚገድለው ካሜራ

ይህን ጥያቄ በተመልካቹ ፊት ያለ ርኅራኄ ያቆመ አንድ አስፈሪ ፊልም አለ። እንግሊዛዊው ማይክል ፓወል እ.ኤ.አ. በ1960 ያዘጋጀው «ፒፒንግ ቶም» ነው። ስሙ የተወሰደው ከእንግሊዞች አፈ ታሪክ ነው፤ ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ ዐይኑን እንዲሰበስብ በታዘዘበት ቀን አጮልቆ ያየ ሰው መጠሪያ ነው። በአማርኛ «አጮላቂው» ቢባል ይስማማዋል።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ማርክ ሉዊስ በለንደን የፊልም ስቱዲዮ የካሜራ ረዳት ሆኖ የሚሠራ ወጣት ነው። ቃሉ ለስላሳ፣ ጠባዩ ዐይን አፋር ነው። ከካሜራው ማቆሚያ እግሮች የአንዱ ጫፍ ግን ስለት ነው። ሴቶችን በዚህ ስለት ሲገድል ፊታቸውን ይቀርጻል፤ በካሜራው ላይ መስተዋት ስላኖረም እያንዳንዷ የምትሞተው የገዛ ፍርሃቷን እያየች ነው። ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ መብራት ያጠፋል፣ የቀረጸውን ለራሱ ያሳያል። የፊልሙ ዋና ድንጋጤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማርክ ገዳይ ብቻ አይደለም፤ ተመልካችም ነው። በሲኒማ ቤት ትኬት ገዝቶ ከተቀመጠው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ያንኑ ሸራ ያያል።

ፓወል ነገሩን በዚህ አላበቃም። ማርክን ለዚህ ያበቃው አባቱ ነው። አባቱ ሳይንቲስት ነበር፤ የፍርሃትን ጠባይ ለማጥናት ሕፃን ልጁን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ፣ በአልጋው ላይ እንሽላሊት እየጣለ፣ በእናቱ አልጋ አጠገብ በሐዘን ሰዓት አቁሞ ይቀርጸው ነበር። የዚህን አባት ሚና የተጫወተው ራሱ ፓወል ነው፤ ሕፃኑን ማርክ ሆኖ የታየውም የፓወል የገዛ ልጅ ነው። አዘጋጁ ጣቱን በተመልካቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱና በሙያው ላይም ቀስሯል ማለት ነው።

የእንግሊዝ ሐያስያን ፊልሙን በአንድ ድምፅ አወገዙት። ከማሳያ ቤቶች በአጭር ጊዜ ተነሣ፤ እስከዚያ ድረስ ከሀገሩ ታላላቅ አዘጋጆች አንዱ የነበረው ፓወል በሀገሩ ሥራ የማግኘት ዕድሉ ተበላሸ። በዚያው ዓመት የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» ግን፣ እርሱም የግድያ ፊልም ሆኖ ሳለ፣ በዓለም ዙሪያ ተመልካች ጎረፈለት። ልዩነቱን ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። አንዱ ተመልካቹን አስፈራራው፤ ሌላው ከሰሰው። ሰው መፈራራትን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል፤ ክስን ግን በነጻም አይቀበልም።

ፊልሙ ለሃያ ዓመት ያህል ተረስቶ ከቆየ በኋላ አሜሪካዊው አዘጋጅ ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደገና እንዲታይ አገዘ። ዛሬ ከሲኒማ ታላላቅ ሥራዎች መካከል ይቆጠራል። ማርክን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ ካርል ሄንዝ ቦም ይባላል። አንባቢ ይህን ስም ልብ ይበል።

ሲኒማ ወደ ቤት ሲገባ

የቪዲዮ ካሴት ሲመጣ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ከሲኒማ አዳራሽ ወደ መኖሪያ ቤት ገቡ። ለውጡ የመሣሪያ ለውጥ ብቻ አልነበረም። በአዳራሽ ውስጥ ፊልሙ ተመልካቹን ይነዳዋል፤ አስፈሪው ትርኢት መጥቶ ያልፋል፣ ጎረቤት ይጮሃል፣ ሌላው ይስቃል። በቤቱ የተቀመጠ ተመልካች ግን ብቻውን ነው፤ መቆጣጠሪያውም በእጁ ነው። የምትሞተው ሴት ፊት ላይ ሲደርስ ማቆም ይችላል፤ መልሶ ያያል፤ እንደገናም ያያል። ማርክ ሉዊስ በጨለማ ክፍሉ ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «አጮላቂው» በተሠራ ጊዜ ለአንድ እብድ ሰው ብቻ የሚገባ ይመስል የነበረው ድርጊት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ የማታ ልማድ ሆነ። በኢትዮጵያም ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች በተስፋፉ ጊዜ በጥቂት ሳንቲም የሰው ደም የሚፈስበትን ፊልም አይቶ መውጣት ለወጣቱ ተራ ነገር ሆኖ ነበር።

በእንግሊዝ ሀገር ይህ ነገር ከፍተኛ ክርክር አስነሣ። አስፈሪ ካሴቶች በልጆች እጅ ይገባሉ፣ ሕሊናቸውን ያበላሻሉ የሚል ስጋት ስላየለ የሀገሪቱ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1984 የቪዲዮ ቅጂዎችን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣ። ሕጉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ማንም ያልመረመረው፣ ማንም ለልጆች አይሆንም ያላለው አስፈሪ ፊልም በእንግሊዝ ቤቶች ሁሉ ገባ። የታየው በዜና ሰዓት ነው። የተቀረጸውም በኮረም ነው።

የኮረም ንጋት

ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ሰቆጣ ደግሞ በዚያው ክፍለ ሀገር የዋግ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ዝናብ በቀረባቸውና ጦርነት መንገዳቸውን በዘጋባቸው ዓመታት ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ ሕዝቡ እህል ይገኛል ወደተባለበት ወደ ኮረም በእግሩ ተጓዘ። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ በብርዳማ ንጋት ያገኙት ይህን ሕዝብ ነው። የቀረጹት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ዜና ከ400 በላይ በሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ታየ።

በዚያ ረኃብ የሞተው ሕዝብ ብዛት ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። ፊልሙ ባይታይ ኖሮ ቁጥሩ ከዚህ በላይ ይሆን እንደነበር የሚጠራጠር ጥቂት ነው። እህል የጫኑ መርከቦችና አውሮፕላኖች የተንቀሳቀሱት ከታየ በኋላ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት የተካሄደው ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ «እንዲህ ያለ ሥዕል ባይነሣ ይሻል ነበር» የሚል ሰው በሕይወት የተረፉትን ፊት ለፊት አይቶ ሊናገር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ሥዕሉ ያልያዘው ብዙ ነው። ካሜራው ብርድ ልብሱን፣ የሕፃናቱን ዐይን፣ የእናቶችን እጅ ያዘ። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ፣ ስንት ቀን እንደተጓዙ፣ ማንን በመንገድ ቀብረው እንዳለፉ ግን አልያዘም። ከእነርሱ መካከል ኽምጣና ተናጋሪዎች ነበሩ፤ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ለዓለም የተሰማው የእንግሊዝኛ ትረካ ነው። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሀገር ልጆች መሆናቸው፣ የአበርገሌን ፍየል ያረቡ፣ ነጭ ማር ከቀፎ የቆረጡ፣ በዋግ ሹሞች ችሎት የተሟገቱ አባቶች ዘር መሆናቸው ከሥዕሉ ውጪ ቀረ። ዓለም ያወቃቸው በሕይወታቸው እጅግ ክፉ በሆነው ሰዓት ብቻ ነው። ማንም ሰው በዚያ ሰዓት ብቻ መታወቅን አይመርጥም።

መስተዋቱን የያዘ እጅ

የኮረሙ ፊልም የመጀመሪያው አልነበረም። ከእርሱ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ወሎን ያጠፋው ረኃብ ሲደበቅ፣ መጀመሪያ ያዩት የሀገር ዐይኖች ነበሩ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳይተው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን አላየም። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለው ተረት ስለ ሆድ የተነገረ ይመስላል እንጂ በመሠረቱ ስለ ዐይን የተነገረ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኃብ» የሚለውን ፊልሙን በሀገሩ ቴሌቪዥን ሲያሳይ፣ በገዛ ሀገሩ ያልታወቀው የወሎ ሞት በባዕድ ሀገር ታወቀ። በዚያ ረኃብ የሞተው ሕዝብ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዐውደ ዓመት ማታ፣ ይህ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የታየው ግን እንደተሠራ አልነበረም። በረኃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የሠርግ ኬክና ሥጋ የሚጎረሱ ውሾች ተቀጥለውበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር። በማግሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

እዚህ ላይ የፓወል ፊልም ሳይታሰብ ብርሃን ይሰጣል። ማርክ በካሜራው ላይ መስተዋት አኑሮ ሟቿ የራሷን ፊት እንድታይ ያስገድዳል። በዚያ የዐውደ ዓመት ማታም መስተዋት በአንድ ንጉሥ ፊት ተይዞ ነበር። የታየው ውሸት አልነበረም፤ ረኃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱ እውነቶች ጎን ለጎን መቀመጣቸውም በራሱ ፍርድ ነው፤ ፍርዱ የተገባ አልነበረም የሚል ከሟቾቹ ጋር ይከራከር። ጥያቄው ሌላ ነው። መስተዋቱን የያዘው እጅ ምን ዓይነት እጅ ነበር?

መልሱ ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲከበር የዋግ ሕዝብ በመንገድ ላይ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ያሰማ ቢሆንም፣ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ረኃቡ እንዳይነሣ ተደረገ። ንጉሡን በፊልም ያወረደ መንግሥት የራሱን ፊልም ማየት አልወደደም። በ1967ቱ ማታ የወሎን ሕዝብ ያየ ይመስል የነበረው ዐይን ለካስ ያየው ዙፋኑን ብቻ ነበር። መስተዋትን በሌላው ፊት መያዝ የሚችል ሁሉ በራሱ ፊት መያዝ አይችልም። ማሳየት ብቻውን የሥነ ምግባር መለኪያ ሊሆን የማይችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የሰው ሥቃይ ለሌላ ጉዳይ መሣሪያ ሆኖ ከታየ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ሥቃዩም ይረሳል።

ሁለት መከራከሪያዎች

በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ «አስፈሪ ፊልም ጨዋታ ነው፤ ተዋናይዋ ከመሬት ተነሥታ ደሟን ታጥባ ቤቷ ትሄዳለች፤ እርሷንና የኮረምን እናት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነውር ነው» ይላል። እውነት አለው። ለተዋናይዋ ያለብን ዕዳ ካለ የትኬት ዋጋ ነው። ነገር ግን ዐይን ልማድ ያወጣል። በሞት ፊት ተቀምጦ ሻይ መጠጣትን የለመደ ዐይን፣ ሞቱ እውነተኛ በሆነ ጊዜም ስኒውን አያስቀምጥም። ኮረምን ያየው የለንደን ተመልካች መቀመጫው ያው፣ መስኮቱም ያው ነበር።

ሁለተኛው ወገን፣ «እንግዲያውስ አናሳይ፤ የተራበ ሰው ክብሩ በካሜራ አይገፈፍ» ይላል። ይህም ከክፉ ልብ የመጣ አይደለም። ግን በ1965 ዓ.ም. ያለመታየት ምን እንዳደረገ የወሎ መቃብሮች ይመሰክራሉ። ክብር ተብሎ የተጣለ መጋረጃ ለሚሞተው ሰው ክብር አልሰጠውም፤ ክብር የሰጠው ለሚደብቀው ነው። በሕዝባችን ልማድ መጋረጃ የሚዘረጋው በሚበላ ሰው ፊት እንጂ በሚራብ ሰው ፊት አይደለም።

ስለዚህ ችግሩ ማየት ወይም አለማየት አይደለም። ካዩ በኋላ የሚመጣው ነው። ፓወልም በፊልሙ ውስጥ አንድ ጠባብ የመውጫ በር አኑሯል። ማርክ ሊቀርጻት የማይፈቅድ አንዲት ሴት አለች፤ ከቤቱ ሥር የምትኖረው ሄለን ናት። እርሷን የለያት ቁንጅና አይደለም። የልጅነቱን ፊልም ባሳያት ጊዜ ተደስታ አላየችም፤ «ይህ ምንድን ነው? ለምን ተደረገብህ?» ብላ ጠየቀችው። በዚያ ቤት ጥያቄ ያቀረበች የመጀመሪያዋ ተመልካች እርሷ ናት። ማንነቱን ቀድማ የጠረጠረችው ደግሞ ማየት የተሳናት እናቷ ናት። ፊልሙ በዚህ የሚናገረው ግልጽ ነው፦ ዐይን ያለ ጥያቄ ስለት ነው፤ ጥያቄ ያለበት ዘንድ ግን ዐይን ባይኖርም እውነት ይታያል።

ከወንበሩ የተነሣ ሰው

አሁን ወደ ተዋናዩ መመለስ ይቻላል። ካርል ሄንዝ ቦም የታላቁ የሙዚቃ መሪ የካርል ቦም ልጅ ነው። ከ«አጮላቂው» በፊት በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም የተወደደው «ሲሲ» በተባሉት ሦስት ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ በመጫወቱ ነበር። ንጉሥ ሆኖ ያፈቀረው ተመልካች ገዳይ ሆኖ ሲያየው ደነገጠ፤ የ1960ው ውግዘት እርሱንም ነክቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካቾች አንዱ እንኳ በሳህል በረኃብ ለሚሠቃየው ሕዝብ አንድ ማርክ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። በውርርዱ አሸነፈ፤ ማለትም ከሦስቱ አንዱ አልሰጠም። የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆነ። ውርርዱን ያሸነፈ ሰው በቤቱ መቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን ገንዘቡን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በሐረርጌ በባቢሌ መጠለያ የነበሩ ተፈናቃዮችን አገኘ፤ በዚያው ዓመት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በኤረር ሸለቆ የማቋቋሙን ሥራ ጀመረ። ሥራው እየሰፋ በሐረር ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በመርሐቤቴም ዓለም ከተማ ሆስፒታል እስከ መሥራት ደረሰ። የክብር የኢትዮጵያ ዜግነት ተሰጠው፤ በአዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ አደባባይ አለ። በ2006 ዓ.ም. ዐረፈ። በካርል አደባባይ በየዕለቱ የሚያልፈው የታክሲ ተሳፋሪ፣ ያ ስም በአንድ ወቅት በካሜራ የሚገድል ሰው ፊት እንደነበረ ብዙውን ጊዜ አያውቅም።

የፊልሙ ሚና ለዚህ አበቃው ማለት ድፍረት ይሆናል። የሰው ልብ እንዲህ በቀላሉ አይነበብም። ደግሞም ቦም ካሜራን አልጣለም፤ ለሥራው ገንዘብ ለማሰባሰብ የኢትዮጵያን ችግር ለሀገሩ ሕዝብ በሥዕል ማሳየቱን ቀጥሏል። ልዩነቱ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። ያየውን ቦታ ተመልሶ አየው፤ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም ለሠላሳ ዓመት ያህል። የሰዎቹን ስም እስኪያውቅ፣ እነርሱም በስሙ እስኪጠሩት ድረስ ተመላለሰ። ተመልካች ከወንበሩ ሲነሣ ማለት ይህ ነው። ዕዳው በአንድ ሌሊት ለቅሶም ሆነ በአንድ ማርክ አይከፈልም።

የሰቆጣው ተመልካች

ነገሩን በምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። አንድ የሰቆጣ መምህር አለ እንበል፤ ሥራውን ጨርሶ ማታ በቤቱ ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ያያል። በመጀመሪያው ፊልም ማርክ የሟቿን ፊት ያቆማል። በሁለተኛው የኮረም ንጋት ይመጣል። መምህሩ መቆጣጠሪያውን አንሥቶ እርሱም አንድ ፊት ላይ ያቆማል። መልሶ ያያል። ወደ መስኮቱ ይጠጋል። ከውጪ ለሚያየው ሰው ድርጊቱ የማርክ ድርጊት ነው፤ እጁ ያው፣ ቁልፉም ያው ነው። መምህሩ ግን የሚፈልገው አያቱን ነው። በ1977 ዓ.ም. ከሰቆጣ ወጥታ በኮረም የቀረች አያቱን። ያቆመው ፊቱን ለማየት ሳይሆን ስሙን ለማግኘት ነው።

በጓዳ ያሉትን እናቱን ጠርቶ «እማዬ፣ ኑ እስቲ ይዩት» ቢላቸው፣ «እኔማ ነበርሁበት፤ አንተ እየው» ሊሉት ይችላሉ። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ሙሉ ሥነ ምግባር አለ። የነበረበት ሰው ማየት አያስፈልገውም፤ ማየት የሚገባው ያልነበረው ነው። የሚያየውም እንደ ባዕድ ሳይሆን፣ ከሥዕሉ ውስጥ ወገኑን እንደሚፈልግ ሰው ነው። የኮረምን ሕፃን እንደ ገዛ ዘመዱ መፈለግ ለለንደኑ ተመልካች ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። «እንብላ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ መንገደኛም የሚነገር ነውና።

የታየው ሰው ተመልሶ ሲያይ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። በ1977 ዓ.ም. የካናዳ የቴሌቪዥን ባለሙያዎች በመቀሌ ልትሞት ተቃርባለች የተባለች አንዲት ሕፃን ቀረጹ፤ ሥዕሏ በለንደኑ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ለዓለም ታየ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005፣ ያቺ ሕፃን ትምህርቷን የተከታተለች ወጣት ሆና በለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ቆመች። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። ስም ሲመጣ ሥዕሉ ሰው ሆነ። ነገር ግን በዚያ ፊልም ከታዩት ስንቶቹ በስማቸው ተጠሩ?

ዋግ ከዚያ ወዲህም ፈተና አላጣችም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ገብቷል። አሁን ካሜራ የባዕድ ጋዜጠኛ ዕቃ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ። የተፈናቃዩን እናት ፊት የሚያነሣው የሰፈሯ ልጅ ነው፤ መልሶ የሚያየውም በዚያው መንደር የተቀመጠ ጎረቤት ነው። ፓወል የጠየቀው ጥያቄ ከለንደን ተነሥቶ ሰቆጣ ደርሷል። አሁን መላሹ ሌላ ማንም አይደለም።

የሰቆጣ ስም በሌላ ነገርም ተጽፏል። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ሰነዱ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። በረኃብ ሥዕል ይታወቅ የነበረ ምድር ስም በሰነድ ላይ የዕዳ ስም ሆነ፤ ዕዳውም የመክፈያ ቀን ተቆረጠለት። ቃል ኪዳን የገባ ሰው ግን በሌላው ፊት ብቻ ሳይሆን በራሱ ፊት መስተዋት መያዝ አለበት። በ1977ቱ በዓል የጠፋው ይህ ነበር።

ካሜራ የያዘ ወጣት፣ ብሩሽ የያዘ ሠዓሊ፣ ብዕር የያዘ ጸሐፊ፣ በቀበሌው ስብሰባ የሚመራ ካድሬ፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ መምህር፣ ሁሉም የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ ከእነርሱ ዐይናቸውን እንዲጨፍኑ አይፈልግም። የሚጠይቃቸው ጥቂት ነገር ነው፦ ከማንሣታቸው በፊት ስም እንዲጠይቁ፣ ካነሡ በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ፣ ያሳዩትን ለሌላ ጉዳይ እንዳይሸጡት። ይህን ያደረገ ሰው ያየው ነገር ምንም ያህል አስፈሪ ቢሆን አጮላቂ አይባልም። ለቅሶ አይቶ ከበቅሎው ወርዷልና።